የሠርግ ቀን ቀለህ

ሥራዬ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እስካሁን በቅጡ አላውቅም። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ያለችው ጠባብ ቤቴ በር ላይ «የብረታ ብረት ሥራ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሰው የሚያውቃት ግን «ቀለህ ቤት» እያለ ነው። የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ እሰበስባለሁ። አጥቤ፣ በእሳት አለስልሼ፣ ጨምቄ ለከዘራ ጫፍ፣ ለቢላ እጀታ፣ ለቁልፍ ማንጠልጠያ አደርገዋለሁ። አልፎ አልፎ አንዱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መልሰሽ ጥይት ታደርጊዋለሽ?» ይለኛል። እንዲህ ያለውን ሳላስጨርስ ነው የማባርረው። ባሩድ ያለበት ነገር ደጄን አያልፍም። እኔ የምወደው ባዶውን ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ሜዳ ላይ የተጣለውን፣ ጭቃ የዋጠውን፣ ልጆች ሲያፏጩበት ከርመው የሰለቻቸውን።

ከደብረ ብርሃን ወደ ጅማ የመጣሁት ለትምህርት ነበር። ትምህርቱ አለቀ፣ እኔ ቀረሁ። በቾ ቦሬ ሰፈር ቤት ተከራየሁ፣ ኦሮምኛውን ከጉሊት ሴቶች ተማርኩ፣ እናቴም «መቼ ነው የምትመለሺው?» ማለቷን ተወች። ሰው ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቀኝ ስለ አየሩ እና ስለ ቡናው አወራለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጭመቂያዬን የሠራሁት እዚህ ነው፤ እሱን ጥዬ የትም አልሄድም።

ስለ መጭመቂያዬ ካላወራሁ ደግሞ አይሆንልኝም። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ማሽን በአካባቢያችን የለም። ቢኖርም አልገዛውም ነበር፤ እልኸኛ ነኝ። የኔው ከአሮጌ የጭነት መኪና ክሪክ የተሠራ ነው። መኪና የሚያነሳውን ክሪክ ከወፍራም ብረት በበየድኩት ቋሚ መሐል አቆምኩትና፣ መኪና በማንሳት ፈንታ ቀለህ እንዲገፋ አደረግኩት። ቀለሁ የሚገፋው ወደ ብረት ቀለበት ነው። ቀለበቶቹን ያወጣሁት ከተጣለ ኩሽኔታ ውስጥ ነው። በሰፊው ጀምሬ ወደ ጠባቡ እያለፍኩ የተነፋውን ቀለህ ወደ ልኩ እመልሰዋለሁ። ውስጣቸውን በጨርቅና በጥርስ ሳሙና አሽቼ አሽቼ መስታወት አስመስያቸዋለሁ፤ ለጥርሴ እንኳ እንደዚያ አልደከምኩም። ለእሳቱ የከሰል ምድጃ አለኝ። ማራገቢያው ከውበት ሳሎን የተጣለ የፀጉር ማድረቂያ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን ውስጡ የቀረ ፀጉር ተቃጥሎ ሰፈሩን ሁሉ በግማቱ አስወጣሁት።

ነሐስ የሚገርም ፍጥረት ነው። ሲመታና ሲጨመቅ ይጠነክራል፣ ከዚያ ይግደረደራል፣ ብትገፋው ይሰነጠቃል። እሳት አሳይተኸው ውኃ ውስጥ ብትጨምረው ግን ይለሰልሳል። ብረት ቢሆን ኖሮ በውኃው ይጠነክር ነበር፤ ነሐስ ተቃራኒው ነው። እኔ ይህን ካወቅኩ ጀምሮ መመሪያዬ አንድ ብቻ ነበር፤ አለስልስ፣ ጨምቅ፣ ደግመህ አለስልስ። ቀለህ በእጄ አይሰነጠቅም እያልኩ እኩራራ ነበር። ያ ኩራት ባለፈው የቡና ለቀማ ሲጀመር፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ወጣልኝ።

ያን ዕለት አንድ ሽማግሌ በሬ ላይ ቆሙ። ረጅም ናቸው፣ ጢማቸው ነጭ፣ ጫማቸው በሸቤ ገጠር ቀይ ጭቃ ተለስኗል። በአንድ እጃቸው በሩን ይዘዋል። በሌላው ጥቁር የወይራ ከዘራ አለ፤ ጫፉ ላይ ከፋርማሲ የሚሸጠው ዓይነት የላስቲክ ሽፋን ተሰክቷል።

«ቀለህ የምትሠሪው አንቺ ነሽ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«እኔ ነኝ አባባ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብዬ በርጩማ ሰጠኋቸው።

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ መሐረብ አወጡ። መሐረቡ ውስጥ አንድ ቀለህ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለቀ ቀለህ አላየሁም። የምንሽር ነው። አፉ ተሰንጥቆ እንደ አበባ ተከፍቷል። ቂጡ መሬት እየነካ፣ ድንጋይ እየመታ፣ ከመሳሳቱ የተነሳ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ወጥቶለታል። ጎኑ በአንድ በኩል ተጎድቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ይሆናል፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እጄ ያሳክከኛል።

«ይሄን ጥለው አዲስ ላስገባልዎ» አልኩ፤ ለወጉ ያህል ነው።

«ላኪ!» አሉ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው፤ መሐረቡን ወደ ደረታቸው መለሱት። «አዲስማ ሸቤም ሞልቷል። ይሄ በሠርጌ ቀን የተተኮሰ ነው። አጎቴ ነው የተኮሰው፤ ሲወድቅ እሷ ናት ያነሳችው፣ ሙሽራዋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘራዬ ላይ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠፍቶ አሁን ምንም አያዩም። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል። ሽማግሌው በሩን አልፈው መጀመሪያው ድንጋይ ላይ ከዘራቸውን ሲያሳርፉ ቀለሁ ይጮሃል፤ ባለቤታቸውም ከቤት ውስጥ ወሬ ይጀምራሉ። እሳቸው ገና በር ላይ ናቸው፣ ባለቤታቸው ግን ቁጣውንም ቀልዱንም ጀምረውታል። ቀለሁ ሲበላሽ ልጃቸው አዝና ላስቲኩን ገዛችላቸው። ላስቲክ አይጮህም። አሁን ባለቤታቸው የሚሰሙት የከዘራ ድምፅ የሌለው እርምጃ ሲቀርብ ነው። ይደነግጣሉ። ባለፈው ሳምንት በድንጋጤ ሲነሱ ከምሰሶው ተጋጭተው ወድቀዋል።

«ለምን ከሩቅ አይጣሩም አባባ?» አልኩ።

«እጣራለሁ እንጂ። ቢሆንም ዝም ነው የምትለው። ገብቼ እጄን እስክትይዘኝ ድረስ አታወራም። ድምፅማ ሌላ ሰውም ያስመስላል ትላለች።» መሐረቡን አጣጠፉ። «ወላሂ፣ በገዛ ቤቴ ደጅ 'ማነው?' እየተባልኩ ነው የምገባው። በዚህ ዕድሜዬ!»

ሥራዬን ሁሉ ጣልኩ። ለሌላ ሰው ቃል የገባሁትን የቢላ እጀታ ወደ ጥግ ገፋሁት። ሽማግሌው ያለ ከዘራ መሄድ ስለማይችሉ እዚያው ይጠብቃሉ፤ ባለቤታቸውን ጎረቤት ናት የምትጠብቃቸው፣ ስለዚህ ዛሬውኑ መመለስ አለባቸው። ጊዜው አጭር፣ ቀለሁ አንድ፣ ምትክ የለውም። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

መጀመሪያ ቀዳዳውን ማከም ነበረብኝ። ከአሮጌ የነሐስ ቁልፍ ላይ ሽንብራ የምታክል ቆርጬ አሳየኋቸው። «ይህችን ልበይድበት ነው። ግን ያው፣ የሌላ ነሐስ መጨመሬ ነው፤ ይፈቅዱልኛል?»

አፋቸውን ከፍተው የጎን ጥርሳቸውን በጣታቸው መቱ። «ይሄን ጥርስ ጅማ ሆስፒታል ነው የተከሉልኝ። ሌላ ሰው ሆነሃል ያለኝ የለም። በይጂው።»

ፀጉር ማድረቂያዋን ለኮስኩ፣ ከሰሉ ቀላ፣ ቁራጯን በየድኩ፣ የአፉን ስንጥቅ ገጠምኩ። ከዚያ ሙሉውን አግዬ ውኃ ውስጥ ከተትኩት፤ ጭስስስ ብሎ ጮኸ። ሳሙና ቀባሁትና ቀለበቱ ላይ አቆምኩት። የክሪኩን እጀታ መጫን ጀመርኩ። ክሪኬ ያን ሰሞን ዘይት ያፈስ ነበር፤ ለለሰለሰ ነሐስ ግን ጉልበቱ አያንሰውም። ቀለሁ ቀለበቱን አልፎ ወጣ። ስወለውለው ወርቅ! ጎኑ ቀጥ ብሏል፣ አፉ ክብ ሆኗል፣ ቂጡ ላይ የበየድኩት እንኳ በደንብ ካላዩት አይታይም። ከዘራው ላይ ስገጥመው እዚያው የበቀለ ይመስል ነበር። አጠገቤ ልብስ የሚሰፋው ጎረቤቴ መርፌውን በአፉ ይዞ እስከ በሬ መጣ።

«ማሻላህ!» አለ።

ሽማግሌው ተነሡ። ከዘራውን ያዙ፣ ሲሚንቶው ላይ አሳረፉት።

ዱብ።

እንደገና መቱ። ዱብ። የእንጨት ድምፅ ነው፤ ያውም የረጠበ እንጨት።

«ጋሪዳ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ፊታቸው ግን ሌላ ነገር ይላል። ሰው ሲዋሸኝ ደግሞ አልወድም።

«አባባ፣ ይሉኝታውን ይተዉት። እውነቱን ይንገሩኝ።»

ከዘራውን እያዩ «ያምራል» አሉ። «ግን የሌላ ሰው ነው።»

ሲሚንቶው ይሆናል አልኩ። ከዘራውን ተቀብዬ ወደ ውጭ ሮጥኩ። የቦዩን ድንጋይ መታሁ፤ ዱብ። የአስፋልቱን ጠርዝ መታሁ፤ ዱብ። ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ደረጃ ሁሉ መታሁ። አንዷ ነጋዴ «ምን ጠፋሽ?» ብትለኝ «ድምፅ» ብዬ አለፍኩ፤ ከኋላዬ ስትስቅ እሰማታለሁ። ስመለስ ጎረቤቴ ሽማግሌውን «ድሮ እንዴት ነበር የሚለው?» ብሎ እየጠየቃቸው ነበር። ሽማግሌው ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አስጠግተው «ቅጭል» አሉ። እንዴት ያለ ቅጭል! ስልኬን አወጣሁ።

«አባባ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ አንዴ ይድገሙልኝ፤ ልቅዳው።»

ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሬዲዮ ላይ የሚቀርቡ ይመስል ቀጥ ብለው ተቀመጡና «ቅጭል!» አሉ። ጎረቤቴ በሳቅ ሊሞት ነው። እኔ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እየደጋገምኩ ሰማሁት። ያንን ድምፅ ሳላገኝ ያን ቀን ቤቴ አልገባም።

ከዚያ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ምናልባት ተናድጄ ነው። ገና እሳት ያላየ፣ ከሜዳ እንደተለቀመ ያለ ቀለህ ከቆርቆሮ ሳጥኔ ውስጥ አንስቼ ደጃፌ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ወረወርኩት።

ቅጭል!

ሦስታችንም ዞር አልን። ሌላ አንስቼ ወረወርኩ፤ ቅጭል! አሁን ደግሞ ትናንት በእሳት አለስልሼ ያስቀመጥኩትን አንስቼ ወረወርኩ፤ ዱብ። ቆሜ ቀረሁ። የለሰለሰ ነሐስ ድምፅ የለውም! ያ የምኮራበት፣ አለስልስ ጨምቅ አለስልስ የምለው ዘዴዬ የቀለሁን አንደበት ይዘጋል። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀሉትን ከዘራዎች እያወረድኩ አንድ በአንድ ድንጋዩን መታሁባቸው፤ ሁሉም ዲዳ ናቸው! ስንቱን ሽማግሌ ዲዳ ከዘራ አሲዤ ነው የላክሁት? ጎረቤቴ «ማንም አልከሰሰሽም እኮ» አለኝ ሊያጽናናኝ። መጽናናት አልፈለግኩም። እየዘለልኩ ነበር።

ምክንያቱም መፍትሔው ታየኝ። ነሐስን እሳት ያለሰልሰዋል፤ የሚያጠነክረው መጨመቅ ነው። ስለዚህ ይህን ቀለህ ዳግመኛ እሳት ሳላሳየው፣ እንደቀዘቀዘ፣ ካለፈበት በሚጠብ ቀለበት ማሳለፍ አለብኝ። ከዚያም በሌላ ይበልጥ በሚጠብ። ያኔ ይጠነክራል፤ ከጠነከረም ይጮሃል። የዘለልኩት ይህን ሳስብ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ሳስብ ደግሞ ተቀመጥኩ። ነሐስ እንደቀዘቀዘ ሲጨመቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይሄኛው ደግሞ ያለቀ፣ የሳሳ፣ የተበየደ ነው። ከተሰነጠቀ አለቀ፤ በሠርግ ቀን የተተኮሰ ሌላ ቀለህ ከየት ይመጣል?

ለሽማግሌው ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው። «አባባ፣ እንዲህ እንዳማረ ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ምንም አይሆንም። ድምፁን ልፈልገው ካልኩ ግን እጄ ላይ ሊሰበር ይችላል። የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

ቀለሁን ከከዘራው ላይ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። በአውራ ጣታቸው አሻሹት። ብዙም አላሰቡ።

«እሷ መልኩን መቼ ታየዋለች?» አሉ። «ጨምቂው።»

የመጀመሪያው ጠባብ ቀለበት ላይ ነሐሱ መግደርደር ጀመረ። በክሪኩ እጀታ ተንጠለጠልኩ። ቀለሁ ጥቂት ገባ፣ ቆመ፣ ጥቂት ገባ። አለፈ! ሳልተነፍስ ድንጋዩ ላይ ጣልኩት። ቅጭል አይደለም፤ ዱብም አይደለም። በመሐል ያለ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያለ ድምፅ ነበር። «እየመጣ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሁለተኛውን ጠባብ ቀለበት ጫንኩ። አንድ ጊዜ ስገፋ ክሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ተፈትልኮ ዘይቱ ግድግዳውን፣ ቀሚሴን፣ የጎረቤቴን የተተኮሰ ሱሪ አለበሰው። ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ተበጥሷል። ክሪኩ ብጫነውም ብስበውም ከእንግዲህ ወዲህ አይገፋም። ቀለሁ ደግሞ ቀለበቱ ውስጥ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀርቅሯል፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም የለም።

ጎሚኒ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። የሄርማታን ሱቆች ማን ክፍት ያገኛቸዋል? የጁምዓ ሰላት ደርሷል፤ በሩ ሁሉ ተዘግቷል። ጎረቤቴም ሱሪውን ትቶ መስገጃውን አንስቷል።

«ና፣ ክንድህን ስጠኝ፤ አብረን እንሂድ» አሉት ሽማግሌው። ሊወጡ ሲሉ ወደኔ ዞር አሉ። «ድሮ ጎሚኒ ሳይኖር ውኃ መሳቢያውን በምን ነበር የሚያሽጉት መሰለሽ? በቆዳ ነው።» ቆዳ ከየት አመጣለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ዓይኔ ቀድሞ ወገባቸው ላይ አርፏል። ቀበቶ ታጥቀዋል፣ ወፍራም የበሬ ቆዳ፤ ከዘለበቱ ያለፈው ጫፍ እስከ ጎናቸው ድረስ ተንጠልጥሏል። አስተያየቴን አይተው ሳቁ።

«እኔ ከስቻለሁ፤ እሱ ግን አልሰማም» አሉና ትርፉን ጫፍ ዘረጉልኝ። በመቀስ ቆርጬ ወሰድኩ። እየሳቁ ወደ መስጊድ ሄዱ።

እስኪመለሱ ድረስ የሠራሁትን ሥራ ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ይነዝረኛል። ክሪኩን ፈታሁ። ቆዳውን በክብ ቆረጥኩ፤ የመጀመሪያው ጠበበ፣ ጣልኩት። ሁለተኛው ሰፋ። ትንሽ ነው የቀረኝ። ሦስተኛውን እየሞረድኩ እየለካሁ፣ እየለካሁ እየሞረድኩ አስማማሁት። ለብ ባለ ዘይት ውስጥ ነከርኩት፣ ጠጣ፣ አበጠ። ቦታው ላይ ስከተው ጥብቅ አለ። ክሪኩን ገጥሜ ዘይት ሞልቼ አንዴ እጀታውን ስጫን መለሰልኝ፤ ጡንቻ እንዳለው ሰው ክንድ። ብቻዬን ሆኜ ጮህኩ። አፍሬ ወደ በሩ አየሁ፤ ማንም የለም፤ ደግሜ ጮህኩ።

ሰግደው ሲመለሱ ሁሉም ነገር ዝግጁ ነበር። እነሱ ሳይመጡ መጨረስ እችል ነበር፤ ግን ቀለሁ የኔ አይደለም። ከተሰነጠቀ ባለቤቱ ፊት ይሰንጠቅ አልኩ። ሽማግሌው እጀታው ላይ ከእጄ በላይ እጃቸውን አኖሩ። ጎረቤቴ ሱሪውን እያየ «ቢስሚላህ» አለ። ተጫንን። ቆዳው ያዘ። ነሐሱ አንድ ጊዜ ክር እንደሚበጠስ ያለ ድምፅ አሰማ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሽማግሌው እጅ ግን መጫኑን አላቆመም፤ የኔም ተከተለ። ከዚያ እጀታው ድንገት ቀለለ፣ ቀለሁ ከቀለበቱ ሾልኮ ወድቆ ደጃፌ ያለውን ድንጋይ መታው።

ቅጭል!

ስልኬን ማውጣት አላስፈለገኝም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው «ኤዬ» አሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት። ቀለሁን አንስቼ በብርሃን አገላበጥኩት። ክር የምታህል ጭረት ጎኑ ላይ ወጥታለች፤ ከዚያ ግን አላለፈችም። ከዘራው ላይ ገጠምኩት። ድንጋዩ ላይ መቱት፣ መቱት፣ መቱት። ጎረቤቴ በሱሪው መበላሸት መናደድ እንደነበረበት የረሳ ይመስለኛል።

ሥራዬ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ጆሮዬ ግን አላመነም። ሽማግሌው ሰው አክባሪ ናቸው፤ አዝነውልኝም «ኤዬ» ይሉ ይሆናል። ያ ድምፅ የሽማግሌው ሳይሆን የባለቤታቸው ነው፤ የሚፈርዱትም ባለቤታቸው ናቸው። ቤቴን ቆልፌ አብሬያቸው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገዱን ሙሉ ቡና ነበር። በየደጃፉ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ቀይ እሸቱ በጆንያ ይጫናል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ ጫፉን በመሐረቡ ጠቅልለውታል፤ እንዳይመታ ነው። «ሚኒባስ ውስጥ ድምፁን አላባክንም» አሉኝ። ሸቤ ስንደርስ ከዋናው መንገድ ወርደን በቡናው መሐል ቁልቁል ሄድን። ትናንት ዘንቦ ነበር፤ ጫማዬ ጭቃውን ተሸክሞ ከበደኝ። እኔ ክንዳቸውን ይዣለሁ፤ ከዘራውን መሬት አላስነኩትም። አጥራቸው በር ላይ ስንደርስ ቆሙ። ጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች እስከ ቤቱ ድረስ ይታዩኛል። የቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ውስጡ ጸጥ ብሏል።

መሐረቡን ፈቱ፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በሩን አልፈው የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ከዘራቸውን አሳረፉ።

ቅጭል።

ምንም የለም። አንዲት ዶሮ ከቡናው ሥር ወጥታ ተመልሳ ገባች። ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። እኔ «ዳግመኛ ይምቱት» ልላቸው አፌን ስከፍት ከቤቱ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ። በኦሮምኛ ነበር፣ ፈጣንና ቁጡ።

«መጣህ? እስካሁን የት ነበርክ? ጫማህን እዚያው አራግፍ፣ ጭቃህን ይዘህ እንዳትገባ፤ ያቺ ዶሮ ደግሞ ቡናው ላይ ወጥታልህ፣ እሽ ብላት እሽ ብላት እያላገጠችብኝ ዋለች። ምሳህ ቀዝቅዟል፣ እኔ አላሞቀውም። ደግሞ ማንን ይዘህ ነው የመጣኸው? ሌላም እግር እሰማለሁ...»

ደስ ብሎኝ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመድኩ፣ ሰላም ልላቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን አግድም ዘርግተው አገዱኝ። ፊታቸው ወደ ቤቱ ነበር።

«ቆይ፣ ማሎ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ትጨርስ።»